ዘጌን በግማሽ ቀን የሚጨርሷት ሰዎች

ሰሞኑን አንድ የቱሪዝም ኃላፊ ስለ ባሕር ዳር የጉብኝት ፓኬጅ ተጠይቀው ሲመልሱ፣ ጣና ሐይቅ ውስጥ ለገባችው የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ግማሽ ቀን ከበቂ በላይ እንደሆነ፣ ከገዳማቱ ውጭ ያለው ጫካ ብቻ ስለሆነ እንግዳን እዚያ ማቆየት እንደማያስፈልግ፣ ይልቅ ምሳውን ሐይቁ ዳር በልቶ ከሰዓት ጢስ ዓባይን ቢያይ እንደሚሻለው ተናገሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ነገሩ የእሳቸው ብቻ አይደለምና። ጀልባ የሚያከራየውም፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚቀበለውም፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ፓኬጅ የሚሸጠውም ይህንኑ ነው የሚለው። ልዩነቱ፣ እነሱ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቶሎ አድርሶ ቶሎ መመለስ ያዋጣቸዋል። እሳቸው ግን ደመወዝ የሚበሉት ተቃራኒውን እንዲናገሩ ነው።

እንግዲህ ጫካ ብቻ ስለተባለው ነገር እናውራ።

ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ በግራም በቀኝም የምታዩት የታረሰ መሬት ነው። መሐል መሐል ላይ ባሕር ዛፍ አለ። አልፎ አልፎ ደግሞ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ብቅ ይላል፤ እሱን ስታዩ ዓይናችሁ ጉልላት ይፈልጋል፣ አያጣውምም። አገር በቀሉ ዛፍ በሰሜኑ ደጋ የተረፈው በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተጠግቶ ነው። ዘጌ ላይ ግን ደኑ ከቅጥር ወጥቶ ባሕረ ገብ ምድሩን ሸፍኖታል። ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው፣ ዶቅማው፤ ከሥር ቡናው። ሰው ስላልደረሰበት ነው የተረፈው የሚል ካለ ሄዶ ይይ። በዛፉ ጥላ ሥር ሺዎች ይኖራሉ፤ ይወልዳሉ፣ ይድራሉ፣ ይኳላሉ፣ ይቀብራሉ።

ደኑን ያቆመው ሕግ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን እንደመሠረቱ የሚነገርላቸው አቡነ በትረ ማርያም፣ በዚህ ምድር በሬ ተጠምዶ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ አዘዙ ይባላል። ለሕዝቡ መተዳደሪያ በምትኩ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በጸሎታቸው እንደተሰጠ አባቶች ይናገራሉ። ታሪኩን ማመንም አለማመንም መብታችሁ ነው፤ ውጤቱ ግን ከሐይቁ ማዶ ሆነው ሲያዩት እንኳ ይለያል። መንግሥታት በአዋጅ፣ በደንብ፣ በመመሪያ፣ በዘበኛና በማኅተም ሌላ ቦታ ያቃታቸውን፣ እዚህ ግዝት ሠርቶታል። ያውም ለዘመናት። ከደን ጥበቃ ባለሙያ እስከ ሕግ አዋቂ፣ ከዓለም ዳር መጥቶ ሊጠናበት የሚገባ ነገር እኚህ ኃላፊ ጫካ ብቻ አሉት።

እንዲያውም ልድፈርና፣ በጣና ዙሪያ ለእንግዳ የሚነገር አንድ ብቻ ነገር ምረጥ ብባል ሥዕሉን አልመርጥም። የዘጌውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግድግዳ አይቶ ያልተደነቀ የለም፣ እኔም ተደንቄያለሁ። ነገር ግን በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ድንቅ ሥዕል ሌላም ቦታ አለ፤ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ማለት ይበቃል። ሙሉ ማኅበረሰብ ማረስን ትቶ በዛፍ ሥር ለመኖር የተስማማበትን አገር ግን የት ታሳዩኛላችሁ?

ስምምነቱ ደግሞ በነጻ የመጣ አይደለም፤ ግማሽ ቀኗ ውስጥ ፈጽሞ የማይነገረው ይህ ነው። እንዳያርስ የተገዘተ ሰው ምን ይበላል? ቡናውን ሸጦ እህል ይገዛል። ጤፉ የሚመጣው ከሚያርሱት ጎረቤቶቹ ነው። አፋፍ በምትባለው የዘጌ ገበያ በገበያ ቀን ቆማችሁ ብታዩ የዘጌን ኢኮኖሚ ያለ መጽሐፍ ትረዱታላችሁ፤ ቡና ይወጣል፣ እህል ይገባል። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ወይም ዛፉን በሽታ ሲመታው ግን የሰው እጅ ወደ መጥረቢያ ይሄዳል። በደንገል ታንኳ ተጭኖ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚሻገር ማገዶ የዛሬ ነገር አይደለም። እናም ጎብኚያችን ከጫካው በጥድፊያ ወጥቶ ሐይቁ ዳር የሚበላው ዓሣ የተጠበሰበት እንጨት ከዚያው ጫካ እንዳልመጣ ማን ይምልልኛል? ባሕር ዳርን ቀን ከሌሊት የሚያሞቀው የዘጌ ዛፍ ነው ብል ተጋነነ የሚለኝ ይኖራል። ይበል።

ለዚህ ነው ሰዓቱ የሚያናድደኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባው ይነሳል፤ አንድ ሰዓት ያህል ይጓዛል። እንግዶቹ ይወርዳሉ። ከጀልባው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያለው መንገድ በግራ በቀኝ የእጅ ሥራ የተደረደረበት ነው፤ ትንንሽ ታንኳ፣ መስቀል፣ ነጠላ። ያ መንገድ ነው እንግዲህ ጫካው። ገብተው የበላዔ ሰብእን ሥዕል ያያሉ፤ ሰባ ስምንት ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ አስጎብኚው አሳምሮ ይተርክላቸዋል፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ከተቻለም አንድ ሲኒ ቡና ፉት ይላሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ለብለብ ታዟል። ገንዘቡን ተከተሉት፤ ለጀልባው፣ ለነዳጁ፣ ለሆቴሉ፣ ለአዲስ አበባው ቢሮ። ከበሩ ትኬት ለቤተ ክርስቲያኑ ይደርሰዋል፣ እሰየው። ዛፉን ሳይቆርጥ የኖረው ገበሬ ግን ያተረፈው የሞተር ድምፅ ነው።

አስጎብኚዎቹን አልወቅስም። ሰዓት ተቆርጦላቸው ምን ያድርጉ? ብዙዎቹ ቢፈቀድላቸው የሚያወሩት ሞልቷቸዋል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ዓሣ ለማደንዘዝ እንደሚውል፣ ዋንዛው ለበርና ለከበሮ እንደሚፈለግ፣ ቡናው ለምን ጥላ እንደሚወድ ዛፉን እየነኩ ያስረዳሉ። ደስ የማይለውንም መናገር ይችሉ ነበር፤ የዘጌ ቡና እስከ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በባሪያ ጉልበት ጭምር ይመረት እንደነበር። ገነት መስሎ የሚሸጥ ቦታ ይህን ታሪክ ይሸሻል፤ ታሪኩን የሚሸከም ጉብኝት ደግሞ እየሮጡ የሚደረግ አይደለም። ጎብኚው ሕፃን አይደለም። ቅዱሱንም ባሪያውንም በአንድ ቀን መስማት ይችላል፤ በግማሽ ቀን ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው መከራከሪያቸው ልምጣ፦ ጎብኚው ጊዜ የለውም። ይህን የሚሉት ሰዎች ካርታ አይተው ያውቃሉ? ያው ጊዜ የለውም የተባለው ጎብኚ ስሜን ተራሮች ላይ ስካውት፣ በቅሎና ምግብ አብሳይ ይዞ ሦስት አራት ቀን ይጓዛል፤ ድንኳን ውስጥ ይበርደዋል፣ ይከፍልበታልም። ላስታ ውስጥ በማኅበረሰቡ ጎጆ እያደረ ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል። ወንጪ ላይ ፈረስ ይጋልባል፤ ያቺ ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ስትመረጥ የደስታ መግለጫ ያወጣ መሥሪያ ቤት ስንት ነበር! ታዲያ ጊዜ የሚያልቀው ጣና ላይ ሲደርስ ነው? ጎብኚው ጊዜ የሚያጥረው ምን እንዳለ ስላልነገራችሁት ነው። ብሮሹራችሁ ላይ ዘጌ ማለት አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ሲያይ፣ ክብ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ አስልቶ ነው የሚመጣው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የተሰጠው ቁጥር ነው የተሳሳተው።

እርግጥ በማግሥቱ አውሮፕላን የሚጠብቀው አለ፤ ጉልበቱ የደከመ አዛውንት አለ፤ ለእነሱ ግማሽ ቀን ይሁን። ለሌላው ሁሉ ግን ልክ እንደዚያው ይሰፋል ማለት ምን ማለት ነው?

ማደሪያ የለም የሚባለውም አለ። እንደ ልብ የለም፣ አዎ። ማንም እንዳያድር አድርጋችሁ ስታበቁ ማን አልጋ ዘርግቶ ይጠብቅ? ደግሞስ እኔ መች እደሩ አልኩ። የማድረሩን ነገር ለባለቤቶቹ፣ ለመንደሩና ለገዳማቱ ትቼዋለሁ፤ እነሱ እንግዳ ማሳደር ካልፈለጉ አለመፈለግ መብታቸው ነው። እኔ የምለው ከበላዔ ሰብእ ሥዕል ባሻገር አንድ እርምጃ ሂዱ ነው።

ሌላው የሚያስቀኝ የዩኔስኮ ዓርማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጣና በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከበሮው ተመታ፣ ዓርማው ከደብዳቤ ራስ እስከ ቲሸርት ታተመ። የባዮስፌር ሐሳብ ምንድን ነው? ሰው ከአካባቢው ሳይነቀል፣ ተፈጥሮውም በሰው ሳይጠፋ አብረው የሚኖሩበት ቦታ ማለት ነው። ከዘጌ የተሻለ ምሳሌ ቢፈለግ ከየት ይመጣል? ዓርማውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ደኑን ጫካ ብቻ የሚል ሰው፣ ወይ ዓርማውን ያውልቅ ወይ አፉን ይሰብስብ። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ዘመቻ፣ ስንት ማሽን፣ ስንት የገቢ ማሰባሰቢያ አይተናል። ተገቢ ነው፤ ጣና ሲታመም ዝም አይባልም። ነገር ግን ከውኃው ላይ አረም ለመንቀል አገር ሲጠራ፣ ከውኃው ዳር የቆመውን ደን ይዞ ለኖረው ሰው አንድ ስብሰባ እንኳ ተጠርቶ ከሆነ እኔ አልሰማሁም።

ስለ ከተማዋም አንድ ነገር ልበል፣ የግማሽ ቀኑ ሌላ ሟች እሷ ናትና። ባሕር ዳር በኮሪደር ልማቱ የሐይቁን ዳር አሳምራለች፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይም ሌላ ግርማ ሰጥቷታል። አምሮባታል፣ አልክድም። ጎብኚው ግን ከእሷም የሚያየው የምሳ ጠረጴዛ ነው። ፎቶ የሚያነሳትን የደንገል ታንኳ ማን እንደሚሠራ፣ ሠሪዎቹ የነገደ ወይጦ ሰዎች በከተማዋ ዕድገት ሳቢያ ከሐይቁ ዳር እየተገፉ የት እንደደረሱ አይሰማም፤ ሰዓቱ የለማ! ታንኳዋ ትንሽ ሆና ተሠርታ ዘጌ መንገድ ላይ ትሸጣለች፤ ትልቋን የሚሠሩት ሰዎች ግን በፓኬጁ ውስጥ የሉም።

ጎብኚ በጠፋበት በዚህ ጊዜ ስለ ሰዓት መከራከር ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው እላለሁ። ጀልባዎቹ ቆመዋል፤ አስጎብኚዎቹ ሥራ ፈተዋል፤ ነገ እንግዳ ሲመለስ የሚሸጥለት ፓኬጅ የሚጻፈው ዛሬ ነው። ያንኑ አሮጌ ወረቀት አቧራውን አራግፈን ካወጣነው፣ ጥቂት የመጣው እንግዳ ያችኑ ጥቂት ገንዘብ ያኖራትና የሚሄደው ያው በለመደው ኪስ ውስጥ ነው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ጀልባው እንግዶቹን ኡራ በኩል ያውርድና ባዶውን ዞሮ መሐል ዘጌ በኩል ይጠብቃቸው። እነሱ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ወጥተው በእግራቸው፣ በቡናው ሥር፣ የዘጌ ልጅ እየመራቸው ይሻገሩ። መንገዱ አለ፤ የመንደሩ ሰው ገበያና ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ነው፣ የሚቆረጥ ሪባን የለውም። መሐል ላይ አንድ ቤት ቡና ይጠጡ፤ ክፍያው በቀጥታ ለቡናው ባለቤት ይሁን፣ የሚገዙትንም ቡና ከለቀመችው እጅ ይግዙ። የገበያ ቀን ከሆነ አፋፍን ይዩ። ይህ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት የሚያልቅ ነው፤ የሆቴሉም ሰው አይቆጣ፣ ዓሣው እራት ይሆናል። ከዚህ ላይ ጢስ ዓባይ በማግሥቱ ሲጨመር ባሕር ዳር ያለ ምንም አዲስ ግንባታ አንድ ተጨማሪ አዳር አተረፈች።

ኃላፊው ይህን ፓኬጅ ከማጽደቃቸው በፊት ራሳቸው ቢሄዱበት ደስ ይለኛል። በሥራ ቀን ይሁን፣ አበልም ይታሰብላቸው። የሚመራቸው ልጅ ስንት ዓይነት ዛፍ በስሙ እንደሚጠራ ይቁጠሩና ጫካ ብቻ ያሉትን ያኔ እዚያው፣ ቡናቸውን በጠጡበት ቤት፣ በባለቤቲቱ ፊት ይድገሙት።