እርማት፦ በአበባ ማሰሮ ሥር የሚደረገው ጠጠር

እህቴ፣ ከሸዋ ሮቢት ለጠየቀችው ልጅ «እሬትና ቁልቋል ስትተክዪ ከማሰሮው ሥር ጠጠር አድርጊ፣ ውሃው ቶሎ ይወርዳል» ብለሻታል። ለበጎ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ለዓመታት ያደረግኩት ነው። ግን ልክ አይደለም።

አፈር ውሃ ይዞ ያቆያል። ከሥሩ ጠጠር ሲኖር ደግሞ በደንብ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ታች አይለቅም። ስለዚህ ጠጠሩ እርጥበቱን ወደ ተክሉ ሥር ያስጠጋዋል እንጂ አያስወግደውም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ንከሪና አንጠልጥለሽ ያዢው። መንጠባጠቡን ሲያቆም ጠጠር ላይ አስቀምጪው። ስፖንጁ ውሃውን እንደያዘ ይቀራል። አፈሩም እንደዚያው ነው።

ሥሩ የበሰበሰ እሬት ቅጠሉ ከግርጌው ይለሰልሳል፣ ስትነኪው ይላላል። ሰው ግን የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርለታል! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የሚያዋጣው ከታች ቀዳዳ ያለው ማሰሮ፣ ሻካራ የወንዝ አሸዋ በደንብ የተቀላቀለበት አፈር ነው። ጠጠሩን ለጌጥ ከላይ አልብሽው፣ ያምራል። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናችሁና በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ ማሰሮውን ወደ ቤት አስገቡት፤ ውርጩ አይምረውም።