የውስጥ ኪስ

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ደሴ ያለ የልብስ ሰፊ ቤት ሁሉ በዩኒፎርም ይሞላል። እኔም የልጄን ልወስድ ሸዋበር ወዳለው ደንበኛዬ ሄድኩ። "ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው፣ አረፍ በል" አለኝ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ጠፋ። አንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርና አንዲት የማውቃት ነርስ ዝናቡን ሸሽተው ገቡ። ከጎረቤት ቡና መጣልን።

ነርሷ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሸሚዞች አየች። ሠላሳ አርባ ይሆናሉ። አንድ ቀለም፣ አንድ ዓይነት ኮሌታ፣ አንድ ዓይነት ኪስ።

"እነዚህን ሳይ የማነበው መጽሐፍ ትዝ አለኝ" ብላ ከቦርሳዋ የኦርዌልን "1984"፣ መንግሥት ሰውን እስከ ሐሳቡ የሚከታተልበትን ልቦለድ አወጣች።

ሰፊው ቅር አለው። "ዩኒፎርም ምን በደለሽ? የሀብታሙም የድሃውም ልጅ እኩል የሚሆነው በሱ አይደል እንዴ?"

"ዩኒፎርሙን አልጠላሁትም ጋሼ። የምፈራው ከሸሚዙ በታች ያለውም አንድ ዓይነት እንዳይሆን ነው።"

ከዚያ ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1932 ስላሳተመው "ብሬቭ ኒው ወርልድ" ስለሚባል ልቦለድ አወራችን። እዚያ ዓለም ሰው ከእናት አይወለድም፤ ጠርሙስ ውስጥ ያድጋል። አምስት መደብ አለ። አልፋ ግራጫ ይለብሳል፣ ዴልታ ካኪ፣ ኤፕሲሎን ጥቁር። ልጆቹ ተኝተው ሳለ በመደባቸው እንዲደሰቱ በጆሯቸው ይነገራቸዋል። ሲከፋቸው ሶማ የሚባል ኪኒን ይውጣሉ።

ሰፊው እግሩን ከመርገጫው አነሳ። "ልካቸው የሚወሰደው ጠርሙስ ውስጥ ሳሉ ነው በዪኛ።"

"አዎ።"

"ደስ ካላቸው ታዲያ ምን ቸገረ?"

"እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንዱ የመከፋት መብት ይጠይቃል" አለች።

"መከፋት እኛ ዘንድ ሞልቷል። እኔ እናቴ የሞተች ጊዜ እጄ ላይ አምስት ሳንቲም አልነበረም። ድንኳን የተከለው ቅሬ ነው። መቃብር የቆፈረው ቅሬ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አካፋ ይዞ መጣ። ምን ታስባለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።"

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ሲነሳ ደሴ ውስጥ ብዙ የሚከራከር ሰው አይገኝም። ነርሷ ግን አልተወችውም።

"ያው ቅሬ ሲቀጣስ? ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ሬሳውን ማን ያነሳለታል? እኔ አምና ከቤተሰቦቼ ወጥቼ ብቻዬን ቤት ተከራየሁ። አላገባሁም፣ ከማንም ጋር አልኖርም። ለሥራዬ ስለሚቀርበኝ ነው። እናቴ ጋ ሽማግሌ ተላከባት። 'ልጅሽን መልሺ፣ አለበለዚያ ቅሬ ላይ ስምሽ ይነሳል' ተባለች። እናቴ መዋጮ አጉድላ አታውቅም። ለቅሶ ቀርታ አታውቅም።"

"አሁንስ?" አለ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ለቅሶ ትሄዳለች። ቡና ግን አይጠሯትም።"

መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "እዚህ ውስጥ በገዢው ፓርቲ አባላት ቤት ግድግዳ ላይ የሚያይና የሚሰማ ቴሌስክሪን አለ። እኛ ሰፈር ማሽን አያስፈልግም። 'ሰው ምን ይላል' አለ። እሱ የሚሰቀለው እዚህ ነው" አለችና ደረቷን ነካች።

መምህሩ እስካሁን ስኒያቸውን ይዘው ዝም ብለው ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ሁለቱን አታምታቻቸው" አሉ። "እኔ ግለ ሂስ አድርግ ተብዬ የቆምኩ ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ። ምን አጠፋሁ ብላቸው፣ 'ስብሰባ ላይ ዝም ትላለህ። ዝም ብለህ ምንድን ነው የምታስበው?' አሉኝ። ቅሬ ቀብር ስቀር ይቀጣኛል። ከመጣሁለት ይበቃዋል። እነዚያ ግን መጥቼም፣ አጨብጭቤም አልበቃቸውም። ውስጤን ነበር የፈለጉት።"

ከኦርዌል በፊት ሩሲያዊው ዛምያቲን "እኛ" የሚል ልቦለድ መጻፉን ነገሩን። ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ናቸው። የሚኖሩት በመስታወት ቤት ነው። መጋረጃ የሚወርደው በፈቃድ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ መንግሥት ምናባቸውን በቀዶ ጥገና ያወጣዋል። መጽሐፉ በገዛ አገሩ ሳይታተም እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ቆየ።

"ኦርዌልም በፈረንጆቹ 1949 ሲያሳትም ወደፊት ያለ ዓመት መርጦ ነው 1984 ያለው" አሉ። "የፈረንጆቹ 1984 ሲገባ በእኛ 1976 ነበር። በዓሉ ግርማ 'ኦሮማይ'ን ጻፈ፣ መጽሐፉ ታገደ። ከቤቱ ወጥቶ የቀረው በዚያው በ1976 የካቲት ነው። ያየውን በራሱ ዓይን ጻፈ። ጥፋቱ ይኸው ነው።"

የሚናገር ጠፋ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሰፊው ከክምሩ አንድ ቀሚስ አንስቶ ገለበጠውና ለነርሷ አሳያት።

"ይቺን አየሻት?"

ከወገቡ ስር፣ በውስጥ በኩል፣ ሁለት ጣት የምታስገባ ኪስ አለች። የተሰፋችው ከተረፈ ጨርቅ ነው። ልብሱን መልሶ ሲገለብጠው ከውጪ ምንም አይታይም። ስፌቷ ከወገቡ ስፌት ጋር ተደርባለች።

"ልጆቹ በየዓመቱ ይለምኑኛል። 'ጋሼ፣ እማዬ የማታያት ኪስ አድርግልኝ' ይሉኛል። አሁን አሁን ላልጠየቀኝም አደርጋለሁ። ሒሳብ የለውም።"

ነርሷ ቀሚሱን ተቀብላ ኪሷን በጣቷ ዳሰሰች። "እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ዊንስተንም ቴሌስክሪኑ የማያያት አንዲት ጥግ አለችው። ማስታወሻውን የሚጽፈው እዚያ ተቀምጦ ነው" አለች። ሰፊውና እሷ ያን ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

እኔ በዚህ ክርክር ከነርሷ ጋር ነኝ። ሰፊው ያለው እውነት መሆኑን አልክድም፤ አባቴን የቀበርኩት በቅሬ ነው። መምህሩ የለዩት ልዩነትም ትልቅ ልዩነት ነው። ግን እናትን በልጇ ኑሮ መቅጣት ከቀብር ምን ያገናኘዋል? ቅሬ ልጅ የት እንደምታድር መጠየቅ የጀመረ ቀን መምህሩን "ምን ታስባለህ" ወዳላቸው ስብሰባ አንድ እርምጃ ተጠግቷል። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሚከበረው ሙስሊሙን ከነሃይማኖቱ፣ ክርስቲያኑን ከነሃይማኖቱ ይዞ አብሮ ስለሚቀብር ነው። ይህን ያህል ልዩነት የቻለ ማኅበር አንዲት ሴት ብቻዋን ቤት መከራየቷ እንዴት ይከብደዋል?

ልቦለዶቹ ላይም የምለው አለኝ። ጀግኖቻቸው በጣም ብቸኛ ናቸው። ዊንስተን ያለችው ፍቅረኛው ጁሊያ ብቻ ናት። አይጦቹን ፊቱ ላይ ሊለቁበት ሲሉ እሷንም አሳልፎ ይሰጣል። የዛምያቲንም ጀግና መጨረሻው ያ ቀዶ ጥገና ነው። ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው "ፋራናይት 451" ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች አሉ። መጽሐፍ ከሚቃጠልበት ከተማ ሸሽተው ባቡር ሐዲድ ዳር እሳት ይሞቃሉ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መጽሐፍ በቃላቸው ይዘዋል። አንዱ የያዘውን ሌላው ያዝ አይባልም። ካነበብኳቸው ሁሉ ልቤ የቀረው እነሱ ጋ ነው። ቅሬያችንም እንደዚያ እሳት ቢሆን ደስ ይለኛል።

በሚቀጥለው የቅሬያችን ስብሰባ ይህንን አነሳለሁ። መዋጮ ያልከፈለ ይቀጣ፣ ቀብር የቀረ ይቀጣ። ከዚያ ያለፈው ከመዝገቡ ይውጣ።

ዝናቡ ሲያባራ ዩኒፎርሙን ይዤ ወጣሁ። ልጄ ቤት ስትለካው ከሁሉ በፊት እጇን የሰደደችው ወደ ወገቡ ውስጥ ነው። ኪሷን አገኘቻትና ቀና ብላ አየችኝ። ምን ልትይዝባት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።