እርማት፦ ንግድ ፈቃድ የመረበሽ ፈቃድ አይደለም

«ባሩ ፈቃድ ካለው ሙዚቃውን ማንም አያስቀንሰውም፤ የሰከረውም የራሱ ጉዳይ ነው» ላልከው ወንድሜ፣ ይሄ እዚህ ድሬ ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጩኸትና ንዝረት ይከለክላል። ፈቃድ ያለውን ለይቶ አይምርም። የመኖሪያ ሰፈር የድምፅ ጣሪያም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ 45 ዴሲቤል ነው፤ ቀስ ብሎ ከማውራት አይበልጥም። ሳቢያን ያለው ቤታችን ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የቡፌው ብርጭቆ በቤዙ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ሙቀት ደግሞ መስኮት ዘግተህ አትተኛ ነገር!

ስለ ስካሩ ግማሽ እውነት አለህ። ጠጥቶ ያጠፋ ራሱ ይጠየቃል። ቤቱ ግን ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ በአዋጅ 1112/2011 ተከልክሏል። በር ላይ መታወቂያ ሲጠየቅ ግን አይቼ አላውቅም።