ስሙ የአባቱ ነው
ተዋናዩ ማይክል ቢ. ጆርዳን በቅርጫት ኳሱ ኮከብ በማይክል ጆርዳን ስም ተጠራ የሚባለው ልክ አይደለም። አባቱም ማይክል ኤ. ጆርዳን ናቸው፤ ስሙ ከቤት የወጣ ነው። ደግሞ እሱ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወለድ ኳሰኛው ገና አንድም የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ዋንጫ አላነሳም፤ የመጀመሪያውን ያገኘው በ1991 ነው። "ቢ" ለታይታ የተጨመረች ፊደል ናት ለሚሉም፣ ባካሪ የሚለው የመካከለኛ ስሙ መነሻ ናት። እኛስ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዳዊት ተስፋዬ ሲገኙ በአያት ስም አይደል የምንለያቸው? ተዋናዩ በሞክሼው አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቦክሰኛ ሆኖ በሠራው "ክሪድ" ፊልም፣ ሁለት ዙር ግጥሚያ ሳይቆረጥ በአንድ ቀረጻ ሲጫወት እዩትማ! ያ የራሱ ላብ ነው።