ፎርማት ማድረግ ጥገና አይደለም

ሊኑክስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የጫነ ሰው የሆነ ነገር እምቢ ባለው ቁጥር የሚሰማው ምክር አንድ ነው። «አትልፋ ባክህ፣ ፎርማት አድርገህ እንደ አዲስ ጫነው!» መካሪዎቹ ምክንያት አላቸው። እንደ አዲስ መጫን ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ችግሩን ልፈልግ ያለ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ሲዳክር ሊውል ይችላል። ሲሰማ ልክ ይመስላል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ግማሽ ሰዓቱ የመጫኛው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፎንቱን፣ ኪቦርዱን፣ ፕሪንተሩን፣ እጅ የለመዳቸውን አቋራጭ ቁልፎች ሁሉ ወደ ነበሩበት ለመመለስ የሚሄደውን ጊዜ ማንም ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም። የሚብሰው ደግሞ ችግሩ ምን እንደነበር ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። ያልታወቀ ችግር ተመልሶ ይመጣል። ያኔም መድኃኒቱ ያው ፎርማት ነው።

ዩኒክስ የሚባለው የቆየ ሲስተምና እንደ ሊኑክስ ያሉ ዘመዶቹ እንዲህ በግምት የሚነካኩ ሲስተሞች አይደሉም። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ሥራውን ከጀመሩ ወዲህ ስንትና ስንት ነገር ተለዋውጧል። ሊኑክስም ሆነ ሌሎቹ የዩኒክስ ዘመዶች ቢኤስዲዎቹ ያልተዉት ነገር ግን አለ፤ ሴቲንግ ማለት በአብዛኛው ማንም ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የሲስተሙ ሴቲንግ ኢቲሲ (/etc) ፎልደር ውስጥ አለ። የግላችሁ ደግሞ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ፣ ስማቸው በነጥብ በሚጀምር ፋይሎች ላይ ተጽፏል። (እነዚህ ፋይሎች የሚደበቁት ታስቦበት እንዳይመስላችሁ። የቤል ላብሱ ሮብ ፓይክ እንደተረከው፣ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ኤልኤስ የሚባለው ኮማንድ አሁን ያላችሁበትንና ከሱ በላይ ያለውን ፎልደር የሚወክሉትን «.» እና «..» እንዳይዘረዝር ተብሎ በነጥብ የጀመረውን ሁሉ የሚዘል አቋራጭ ኮድ ተጻፈ። ሰዉም በዚያው ሴቲንጉን እዚያ መሸጎጥ ለመደ።) እንደ ግኖም ያሉት ዴስክቶፖች ዲኮንፍ የሚባል ባይነሪ ዳታቤዝ ይጠቀማሉ፣ እሱም ቢሆን በአንድ ኮማንድ ወደ ጽሑፍ ይወጣል። ሎጉም፣ ማለትም ሲስተሙ የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብም አለ። ሎጉን የሚያነበውን ጆርናልሲቲኤልን ባለፈው ቡት (ማሽኑ ባለፈው ሲነሳ) ላይ የተመዘገቡ ኤረሮችን ብቻ አሳየኝ ማለት ይቻላል። ማሽኑ ምን እንደሆነ ጽፎ አስቀምጦ ሳለ ሳያነቡ ማጥፋት ምን የሚሉት ነገር ነው?

«ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» የሚለውን ኤረር እንመልከት። ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው፣ አይደል? የዲስክ ቦታ በሚያሳየው ኮማንድ ዲኤፍ ማይነስ ኤች ብላችሁ ስታዩ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ብዙ ሰው «በቃ ሲስተሙ ተበላሽቷል» ብሎ የመጫኛ ፍላሽ መፈለግ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዴ ታገሱና ያንኑ ዲኤፍ በማይነስ አይ ሞክሩት። ኢኤክስቲ4 የተባለው ፋይል ሲስተም ገና ሲፈጠር ስንት ፋይል መያዝ እንደሚችል ተወስኖ ነው የሚሰጠው። እያንዳንዱ ፋይል አንድ አይኖድ (የፋይሉ መረጃ የሚመዘገብበት ቦታ) ይወስዳል። የሆነ ፕሮግራም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች እየፈለፈለ ከሄደ፣ ቦታው ገና ሳይሞላ አይኖዱ ቀድሞ ያልቃል። አዲስ ፋይል መፍጠር አይቻልም። የሚወጣው ኤረርም ያው ነው።

አይኖዱም ካላለቀስ? ኤረሩን ያመጣው ኮድ መጻፊያችሁ ወይም ፋይል የሚያመሳስል ፕሮግራም ከሆነ ነገሩ ከዲስክ ጋር ጭራሽ ላይገናኝ ይችላል። እነዚህ ፕሮግራሞች ፋይል ሲለወጥ እንዲነገራቸው አይኖቲፋይ በሚባል መንገድ የሲስተሙ እምብርት ከሆነው ከርነሉ ጋር ይመዘገባሉ። ምዝገባው ጣሪያ አለው። ጣሪያው ሲሞላ ከርነሉ የሚመልሰው ያንኑ «ቦታ የለም» የሚል ኤረር ነው። መፍትሔው ሲስሲቲኤል በሚባለው የከርነል ማስተካከያ ኮማንድ አንዲት ቁጥር ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ትልቅ የሎግ ፋይል ታጠፋላችሁ፣ ቦታው ግን አይለቀቅም። ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም እስካልዘጋው ድረስ ስሙ ቢጠፋም ይዘቱ ዲስኩ ላይ አለ። ኤልኤስኦኤፍ የሚባለው ኮማንድ ማን እንደያዘው ይነግራችኋል፤ ያንን ፕሮግራም ሪስታርት ማድረግ ይበቃል። ፎርማት ብታደርጉ ኖሮ አይኖዱን ለጊዜው ባስተነፈሳችሁት፣ የአይኖቲፋዩ ጣሪያ ግን ያው ጣሪያ ሆኖ ይጠብቃችሁ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጥበብ ነው። ከምወዳቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው፦ አዲስ ዩዘር ፍጠሩና በሱ ግቡ። ችግሩ እዚያ ከሌለ በአብዛኛው ሲስተሙ ደህና ነው፣ ጣጣው ያለው ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ነው። እዚያም ካለ ወደ ኢቲሲ፣ ወደ ድራይቨሩ፣ ወደ ከርነሉ ትሄዳላችሁ። በሁለት ደቂቃ ግማሹ ከተጠርጣሪነት ወጣ ማለት ነው። ከርነሉን ከጠረጠራችሁ ብዙዎቹ ዲስትሮዎች (እንደ ኡቡንቱ ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች) የቀድሞውን ስለሚያስቀሩላችሁ ግሩብ በሚባለው የማስነሻ ሜኑ ላይ እሱን መርጣችሁ አስነሱት። ይኼ ሁሉ ከናንተ ፋይል ምንም አያጠፋም፣ ምንም አይለውጥም።

ሆም ፎልደር ካልኩ አይቀር ወደ ማሳመሩ እንምጣ። ማሳመር እወዳለሁ። ተርሚናሉ ቀለም ይኑረው፣ ኪቦርዱ እንደ እጃችሁ ይሁን፣ ዴስክቶፑ የራሳችሁን ይምሰል፤ ለዚህ ካልሆነ ሊኑክስን ምን ብዬ እጠቀመዋለሁ? ነገር ግን «አፕዴቱ አበላሸው» ከሚባለው ችግር ውስጥ ስንቱ ባለቤቱ ራሱ አሳምሮት የረሳው እንደሆነ ብታዩ ትገረማላችሁ።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ሰውዬው ሰርቨሩ ላይ በገባ ቁጥር ሰላም እንዲባል ይፈልጋል። ኮማንድ የሚቀበለው ሼል፣ ባሽ፣ ሲነሳ የሚያነበው ባሽአርሲ ፋይሉ አናት ላይ በላቲን ፊደል «ሄሎ» ብሎ የሚያሳይ የኢኮ መስመር ይጨምራል። ያምራል። ከወራት በኋላ በኤስኤፍቲፒ ፋይል ልላክ ሲል «ሪሲቭድ መሴጅ ቱ ሎንግ 1214606444» (የመጣው መልእክት በጣም ረጅም ነው) ተብሎ ይቆምበታል። ከአንድ ቢሊዮን በላይ! ኔትወርኩ ይጠረጠራል፣ ፋየርዎሉ ይጠረጠራል፣ ሰርቨሩ እንደ አዲስ ይጫን ይባላል። ቁጥሩ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ኤስኤፍቲፒ ከወዲያ ማዶ የሚመጡትን የመጀመሪያ አራት ባይቶች የመልእክቱ ርዝመት ብሎ ያነባል። ሰርቨሩ ደግሞ ኤስኤፍቲፒን ከማስጀመሩ በፊት ባሽ ፋይሉን አንብቦ ሰላምታውን አሰምቷል። 1214606444 ማለት የ«ሄሎ» የመጀመሪያ አራት ፊደላት በቁጥር ሲነበቡ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በእኛው ፊደል «ሰላም» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ በዩቲኤፍ-8 3783831777 ይሆንበት ነበር። የማያምን አስልቶ ይየው።

መፍትሔው ሰላምታውን መተው እንኳ አይደለም። የዴቢያንና የኡቡንቱ ባሽአርሲ ገና ከላዩ ላይ «ሼሉ ከሰው ጋር የማይነጋገር ከሆነ ከዚህ ተመለስ» የሚል ፍተሻ አለው። ሰላምታው ከዚያ በታች ከተጻፈ ማንንም አይረብሽም። እና ልብ በሉ፤ ሰውዬው ሰርቨሩን ፎርማት አድርጎ ሆም ፎልደሩን ከባክአፕ ቢመልስ ኤረሩም አብሮ ይመለስ ነበር።

ለዚህ ነው የሚያሳምር ሰው መመዝገብ አለበት የምለው። ፋይሎቹን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው ጊት ውስጥ አስገቡ። ፓስዎርድና የኤስኤስኤች (ሰርቨር ላይ ከሩቅ የሚገባበት) ቁልፍ ግን አብሮ እንዳይገባ! አንድ ነገር ለውጡ፣ ለምን እንደለወጣችሁት በአንድ መስመር ጻፉ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ለኢቲሲ ደግሞ ኢቲሲኪፐር የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ፓኬጅ ሲጫን ሲነሳ ለውጡን ራሱ ይመዘግባል። የሌላ ሰው ሙሉ ሴቲንግ ስክሪንሾቱ አምሮባችሁ እንዳለ ማውረድ ግን አልመክርም። ከሱ ውስጥ አራት መስመር ወስዶ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ይሻላል፣ የቀረው አራት መቶ መስመር የሱ ማሽን ጣጣ ነው።

አፕዴቱን መውቀስ ካነሳን አይቀር፣ የሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ፋይልን ዩዘር ሊብ (/usr/lib) ስር ባለበት ከፍቶ ማረም የተለመደ ነው። ያ ቦታ የፓኬጁ ነው። በሚቀጥለው አፕዴት ተጠርጎ ይሄዳል፣ እናንተም አፕዴቱን ትረግማላችሁ። ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ብትሉት ለውጣችሁን ብቻ ለብቻው ኢቲሲ ስር ያስቀምጥላችኋል፣ ማንም አይነካውም። ማን የአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዳለው የሚወስነውን የሱዶርስ ፋይል በቪሱዶ ክፈቱ፣ ስህተት ካለበት ከማስቀመጡ በፊት ይጮህላችኋል። የኤስኤስኤች ሴቲንግ ስትነኩም ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት በኤስኤስኤችዲ ማይነስ ቲ አስፈትሹት፣ የተከፈተውንም መስኮት በሌላ መስኮት መግባታችሁን ሳታረጋግጡ እንዳትዘጉት። ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ በሩን በራሳችሁ ላይ ቆልፋችሁ ትቀራላችሁ።

ፎርማት የሚገባው ጊዜ የለም አልልም። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ያለው ሰው አንዱ የነገረውን፣ ለሁሉም ሰው ሁሉንም ፈቃድ የሚሰጠውን ሲኤችሞድ 777 ከስላሽ (ከዋናው ፎልደር) ጀምሮ እስከ ታች ለቆት ከሆነ፣ እኔም ፍላሹን አቀብለዋለሁ። ኮማንድን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው ሱዶ የሚሠራው ሴትዩአይዲ የምትባል ምልክት ስላለችበት ነው። ያ ኮማንድ ምልክቷን ይፍቃታል፣ ሱዶም በዚያው ይሞታል። ኤስኤስኤችም የግል ቁልፋችሁን ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል ብሎ አልቀበልም ይላል። እያንዳንዱ ፋይል ምን ፐርሚሽን እንደነበረው አንድ በአንድ ከመመለስ እንደ አዲስ መጫን ይሻላል። ሌላው ሰብሮ ገብቶ ሩት (ባለ ሙሉ ሥልጣን) የሆነ ሰው ሲኖር ነው። እዚያ ማሽን ላይ የቀረ ፕሮግራም አይታመንም፣ ኤልኤስ እንኳ ሊዋሽ ይችላል።

እንዲህ ሲሆንም ግን ዘው ብላችሁ አታጥፉ። ሳይጫን የሚሠራ ሲስተም ካለበት ላይቭ ፍላሽ አስነሱት፣ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ማውንት አድርጉ፣ ኢቲሲንና ቫር ሎግን ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ በእጃችሁ የጫናችኋቸውን ፓኬጆች አፕት-ማርክ ሾውማኑዋል ይዘረዝራቸዋል፣ አርች ላይ ፓክማን ማይነስ ኪው ኢ፤ ዝርዝሩን ማሽኑ ደህና ሳለ አውጥታችሁ ከባክአፓችሁ ጋር ብታስቀምጡት ያኔ ያግዛችኋል። ሰብሮ የገባ ሰው ካለ ደግሞ ከድሮው ኢቲሲ ምንም ነገር ሳታነቡት ወደ አዲሱ እንዳትመልሱ፤ በሰዓታቸው የሚሠሩ ኮማንዶች የሚጻፉበትን ክሮንታብና እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ቁልፎች የሚዘረዘሩባቸውን የኤስኤስኤች ኦተራይዝድ ኪይስ ፋይሎች ደግሞ መጀመሪያ እዩ።