ጎረሰ ማለት ይተኮሳል ማለት አይደለም!

ይህን ነገር ዛሬ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። እኛ ጎጃሞች ጠመንጃ እንወዳለን። ፉከራውም ቀረርቶውም ያለ እሱ አይደምቅልንም። ታዲያ ይህን ያህል የምንወደውን ነገር እንዴት ይህን ያህል ሳናውቀው እንኖራለን?

ቤታችን ውስጥ ከአያቴ የወረስነው አንድ ውጅግራ የሚባል አሮጌ ጠመንጃ አለ። ሰርግም ይሁን ተዝካር፣ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር አንዱ ብድግ ብሎ ከተሰቀለበት ያወርደዋል። ሰደፉን ይዳብሳል፣ አፈሙዙን ያያል። ከዚያ «ጥይት የለውም እንዴ?» ይመጣል። የለውም ስል ስለ ቀለህ፣ ማለትም ባሩዱን ስለሚይዘው የናስ ቀፎ፣ ምክሩ ይዘንባል። «አሮጌ ቀለህ ፈልገህ አስሞላ።» «የሌላ ጠመንጃ ቀለህ አስሞርደህ አግባበት።» «ቀለሁን ብረት ቀጥቃጭ ጋ ውሰደው፣ አንገቱን አጥብቦ ይሰጥሃል።» ባለፈው ደግሞ አንድ የማከብራቸው አዛውንት ከኪሳቸው ጥይት አውጥተው «እንካ ልጄ፣ ከጎረሰ ይተኮሳል» አሉኝ።

አይ አባባ! ጠመንጃው ጥይቱን ከጎረሰም ላይተኮስ ይችላል። ተተኩሶም ፊትዎ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ውጅግራ በፈረንጆቹ 1874 የወጣ ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው። አንድ አንድ እያጎረሱ የሚተኩሱት፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ። ጭስ አልባው ባሩድ ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ በ1884 ነው። ጉልበቱ ፈጽሞ ሌላ ነው። በ1886 ሌበል የተባለው ባለ 8 ሚሊሜትር ጠመንጃ ሲመጣ፣ ፈረንሳዮች ቀለሁን የሠሩት የውጅግራውን ቀለህ አጥብበው ነው። አዎ፣ ልክ የእኛ ሰው አሁን እንደሚመክረኝ! ግን ለዚያ ቀለህ አዲስ ጠመንጃ ሠሩለት። በአሮጌው አፈሙዝ አልተኮሱትም።

አሜሪካኖችም ቀለህ እየቀየሩ የራሳቸውን ጥይት ይሠራሉ። .25-06 የሚባለው ጥይት .30-06 የተባለውን ጥይት ቀለህ አንገት አጥብበው የፈጠሩት ነው። ሬሚንግተን በ1969 የፋብሪካ ጥይት አድርጎ እስኪያወጣው ድረስ ለአሥርተ ዓመታት አዳኞች በየቤታቸው ሲሠሩት ኖረዋል። ግን ለዚያ ቀለህ የተበጀ አፈሙዝ አላቸው። ባሩዱን በሚዛን ይለካሉ፣ የቀለሁን ርዝመት ከተኩስ በኋላ ደግመው ይለካሉ። እኛ ጋ በእፍኝ ነው፣ በዓይን ግምት!

ናሱም የራሱ ጠባይ አለው። ሲተኮስና ሲጠብ እየደረቀ ይሄዳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። አንድ ዘመዴ «በደንብ የተሞላ ነው» ብሎ ያመጣውን መስኮት ጋ ወስጄ አገላብጬ አየሁት። አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ ቀለበት ይታያል። ያ ቀለበት ናሱ ተለጥጦ የሳሳበት ቦታ ነው። ቀጥሎ ሲተኮስ የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው። «በእሳት ይለሰልሳል» የሚሉም አሉ። የሚለሰልሰው አንገቱ ብቻ ነው! ግርጌው ከሞቀ ግፊቱን አይችልም፣ ጋዙም ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል።

ስለ ሌሎች ጠመንጃዎች ጥይት «ስምንት ሚሊሜትር ከሆነ ሁሉም አንድ ነው» የሚሉኝስ? የጀርመኑ የድሮው እርሳስ (ከአፈሙዙ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) ውፍረቱ 8.08 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የኋለኛው 8.2። ስማቸው አንድ ነው። ወፍራሙን በጠባቡ አፈሙዝ ውስጥ ማስገደድ ግፊቱን ከልክ በላይ ያንረዋል።

አባቶቻችንን አትጥቀሱብኝ። ጥይት እንደ አሞሌ መገበያያ በነበረበት አገር ነው የኖሩት። በእኛ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933 ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን የተዋጉት አርበኞች ያገኙትን የተኮሱት፣ ከጠላት የማረኩትን የተጠቀሙት፣ ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ነው። ዛሬ ሰርግ ለማድመቅ ዓይን የሚያጠፋ ሰው ምን አስገድዶት ነው?

ሻጮቹ ደግሞ ያናድዱኛል። ገበያ ላይ «የተሞላ» ብለው በድፍረት ያቀርባሉ። ውስጡ የትኛው ባሩድ ነው ስላቸው «ባሩድ ባሩድ ነው» ይሉኛል። ስንት ነው የገባበት? ዝም። ቀለሁ ስንቴ ተተኩሷል? ዝም። ይህን መመለስ ከማይችል ሰው ጥይት አትግዙ። ልጆቻችሁም አጠገቡ አይቁሙ።