አይ ዌይዌይን ማን አስተማረው?

የክርክሩ ሐሳብ፦ ቻይናዊውን የኮንሴፕቹዋል አርት (ከሥራው መልክ ይልቅ ሐሳቡ የሚቀድምበት ጥበብ) ባለሙያ አይ ዌይዌይን ያፈራው ኑሮው እንጂ ትምህርት አይደለም። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦

አይ ዌይዌይ በ1957 ቤጂንግ ተወለደ። አባቱ አይ ቺንግ ስመ ጥር ገጣሚ ነበሩ። ልጁ ገና ዳዴ ሲል አባትየው «ቀኝ ዘመም»፣ ማለትም የኮሚኒስቱ ሥርዓት ተቃዋሚ ተብለው ከነቤተሰባቸው ተጋዙ። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ሺንጂያንግ በረሃ ዳር፣ መሬት ተቆፍሮ በተሠራ ጉድጓድ ቤት ውስጥ ኖሩ። ያ ትልቅ ገጣሚ የሕዝብ ሽንት ቤት ሲያጸዱ ልጁ ያያል። መጻሕፍታቸውንም ፈርተው አቃጠሉ። ልጁ ገጹን እየገነጠለ እሳቱ ውስጥ ይጨምር ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያደገ ሰው ሥልጣን ምን እንደሚያደርግ ሊነግረው የሚችል የትኛው መምህር ነው? ትምህርቱንማ እናውቀዋለን። በ1978 ቤጂንግ ፊልም አካዳሚ ገባ፤ ሳይጨርስ በ1981 አሜሪካ ሄደ። ኒው ዮርክ ውስጥ ፓርሰንስ የዲዛይን ትምህርት ቤት ገብቶ እሱንም አቋረጠ። ከዚያ መንገድ ላይ የአላፊ አግዳሚውን መልክ እየሣለ ኖረ።

ተቃዋሚ፦

ወዳጄ፣ የመጽሐፉ ቃጠሎ አንጀት ይበላል። ግን በዚያ ዘመን የተጋዘው ልጅ ስንት ነው? ሁሉም አርቲስት አልሆነም።

አንተ ትምህርትን በዲፕሎማ ለካኸው። በ1979 ተማሪ ሳለ «ከዋክብት» የተባለው የወጣት አርቲስቶች ቡድን አባል ነበር። ቡድኑ ሥራዎቹን ቤጂንግ ከሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውጭ፣ አጥር ላይ ሰቅሎ አሳይቷል። ኒው ዮርክ ደግሞ የማርሴል ዱሻምን ሥራ አጠና። ዱሻም በ1917 ተራ የወንዶች መሽኛ ገንዳ እንዳለ ወስዶ እንደ ጥበብ ሥራ ለኤግዚቢሽን ያቀረበው ፈረንሳዊ አርቲስት ነው። ዌይዌይም በ1985 የሽቦ ልብስ መስቀያ አጣሞ የዱሻምን የጎን መልክ አወጣበት። ይህ ተማሪ ለመምህሩ የሰጠው ሰላምታ ነው። ደግሞስ ትምህርት ቤት ከንቱ ቢሆን ኖሮ፣ መንግሥት የነጠቀው ፓስፖርት በ2015 ሲመለስለት በርሊን ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር?

ደጋፊ፦

መስቀያው የልምምድ ሥራ ነው። ዌይዌይን ዌይዌይ ያሰኘውን እንይ።

በ2008 ቻይና ውስጥ የሲቹዋን የመሬት መንቀጥቀጥ ትምህርት ቤቶችን በተማሪዎች ላይ ናደ። መንግሥት ስለ ልጆቹ ብዙ መናገር አልፈለገም። እሱ ግን በጎ ፈቃደኞች አሰማርቶ ከ5,000 በላይ የሞቱ ልጆችን ስም ሰበሰበ። ከፍርስራሹ የወጣ በቶን የሚቆጠር የተጣመመ ፌሮም ገዛ። ሠራተኞች አንድ በአንድ በመዶሻ እየቀጠቀጡ አቀኑት፤ ያ የተቃና ብረት ወለል ላይ ተደርድሮ ለዕይታ ቀረበ። በ2011 ደግሞ ለ81 ቀን ታሰረ። ዱሻም ስም አሰባስብ አላለውም። ይህን ያደረገው አባቱ ዝም ሲሰኙ ያየው ልጅ ነው።

ተቃዋሚ፦

ስሞቹን የሰበሰበው የአባቱ ልጅ ነው፤ በዚህ ተስማማን። ቅርጹስ?

በ2009 ሙኒክ ውስጥ የአንድ ሙዚየምን ፊት በ9,000 የተማሪ ቦርሳ ሸፈነው። ቦርሳዎቹ በቀለማቸው ተደርድረው የቻይንኛ ጽሑፍ ሠሩ። ጽሑፉ በመንቀጥቀጡ ሴት ልጇን ያጣች እናት ቃል ነው፦ በዚህ ዓለም ሰባት ዓመት በደስታ ኖራለች።

ሌላ ሰው ሐዘኑን ሥዕል ያደርገው ነበር፤ የምታለቅስ እናት፣ የፈረሰ ግድግዳ። እሱ አንድም ፊት አልሣለም። ማንም ልጅ በጀርባው የሚያዝለውን ዕቃ እንዳለ ወስዶ ግድግዳ ላይ አኖረው። ይህን ዘዴ ሺንጂያንግ አላስተማረውም።